ሰቆጣ የራሷን ማሰራጫ ትፈልጋለች

ስለ ክልል የሕዝብ ቴሌቪዥን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ስቱዲዮና ስለ ዜና አቅራቢ ነው። ምስሉን ተራራ አሻግሮ ቀበሌ ድረስ የሚያደርሰው ማሰራጫ የሚታወሰው ሲበላሽ ብቻ ነው። ሳተላይት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የተዘጋ መስሏል። ባሕር ዳር የተሰናዳ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ዝግጅት ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ካለች ሳተላይት ሲመለስ፣ ደብረ ማርቆስም ሰቆጣም ዲሽ ያለው ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያያል። በእኔ እምነት ችግሩ ያለው እዚሁ “አንድ ነገር” ላይ ነው።

አሚኮ ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በአፋን ኦሮሞም ያሰራጫል። አንድ የሳተላይት ቻናል ግን በቀን ያለው 24 ሰዓት ነውና ለኽምጥኛ የተሰጠች እያንዳንዷ ደቂቃ ከሌላው የተቀነሰች ናት። ተጨማሪ ቻናል ይከራይ ቢባል ኪራዩ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። የምድር ማሰራጫ ሥራው ሌላ ነው። ኮረብታ ላይ የቆመው ጣቢያ ከማዕከል የመጣውን ሲግናል ተቀብሎ፣ ኃይሉን አጎልብቶ፣ እንደ ሁኔታው ሞገዱን ቀይሮ ወደ ሸለቆው ይለቀዋል። የቴሌቪዥን ሞገድ ተራራ አይበሳም፤ መሐንዲሶች የሚማረሩበት ይኸው ጠባይ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ለሰቆጣ የተለቀቀው በአመዛኙ እዚያው ሰቆጣና አካባቢዋ ይቀራል። ስለዚህ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የማዕከሉ ሥርጭት ለጊዜው ተቆርጦ ዋግ ኽምራ በኽምጥኛ፣ እንጅባራ በአዊኛ፣ ከሚሴ በአፋን ኦሮሞ የየራሳቸውን ዜና ማየት ይችላሉ፤ ማንም የማንንም ሰዓት አይሻማም። የጣሊያኗ ደቡብ ቲሮል እ.ኤ.አ. በ1975 የራሷን የማሰራጫ ድርጅት አቋቁማ የጀርመንኛ ቴሌቪዥን በአልፕስ ተራራ ሸለቆዎች ውስጥ ማዳረስ የጀመረችው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው።

“ዲሽ በየጣሪያው ካለ ምን ጎደለ?” የሚሉ አሉ። ሳተላይት ሽፋኑ ሰፊ መሆኑን አልክድም፤ ይቅር አላልኩም። ግን የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የሆነውን እናስታውስ። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ዲሽ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ጣሪያ ላይ የወጣው ባለሙያ ዲሹን በጣት ስፋት እየገፋ “አሁንስ?” ይላል፤ ቤት ያለው ሪሲቨሩን እያየ “ገና ነው” ይመልሳል። የባለሙያውን ሒሳብ የከፈለው ጣቢያው ሳይሆን ተመልካቹ ነው። ሳተላይቷም የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት ናት፤ እኛ ተከራዮች ነን።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የመብራትና የጸጥታ ነው። ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር ሲኖር ናፍጣ፣ ናፍጣ ሲኖር መንገድ ይፈልጋል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ማንም ሊያወድመው ይችላል። ይህ እውነት ስለሆነ እንደ ድሮው ግዙፍ ማሰራጫ ይተከል አልልም። ለአንድ ከተማና ለዙሪያዋ የሚበቃ ትንሽ ዲጂታል ማሰራጫ በሶላር ሊሠራ፣ የቴሌኮም ማማ ላይም ሊሰቀል ይችላል። ኢትዮጵያ የመረጠችው ዲቪቢ-ቲ2 የተባለው ዲጂታል ሥርዓትም በአንድ ሞገድ ከ10 በላይ ቻናል ስለሚይዝ፣ ክልልና ፌዴራል ወጪውን ሊጋሩት ይችላሉ። ሞባይል ይተካዋል ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር።

የክልሉ ምክር ቤት የሚቀጥለውን በጀት ሲመረምር የሳተላይት ኪራዩን ብቻ አይቶ እንዳያልፍ። በሰቆጣ፣ በእንጅባራና በከሚሴ ማሰራጫ መትከልና ባለሙያ መቅጠር ስንት እንደሚፈጅ ከኪራዩ ጎን ተጽፎ ይቅረብለት።