«ተተኪ» የሚለው ቃል የእህቶቻችንን ሐቅ አይበላም



አባት ይሞታል። ጀናዛው ይሸኛል፣ ሰደቃው ይወጣል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። ሰው ሲበተን አንድ ሽማግሌ ታላቁን ልጅ አይተው «እንግዲህ የአባትህ ተተኪ አንተ ነህ» ይሉታል። በዚያች አንዲት ቃል የሩዝ ማሳው፣ ከብቱና የከተማው ቤት በወንዶቹ እጅ ይገባል። እህቶች ባዶ እጃቸውን ወደ ትዳራቸው ይመለሳሉ። በዓመት አንድ ጆንያ ሩዝ ከተላከላቸውማ «ወንድሞቻቸው ደጎች ናቸው» ይባላል።

ይህ በወረታና በፎገራ ሜዳ ላሉ ቤቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሳንሸፋፍን እንነጋገር።

«ተተኪ» እና «ወራሽ» አንድ አይደሉም። ተተኪ በሌላው ቦታ የሚቆም ነው፤ ለኢማም ተተኪ ይኖረዋል፣ ለሹም ተተኪ ይኖረዋል። ቦታው አንድ ስለሆነ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። ሚራስ ግን ቦታ አይደለም፣ ድርሻ ነው። ታላቅ ልጅ በምክርና በኃላፊነት አባቱን ቢተካ ማሻአላህ። በንብረቱ ግን እሱም ከወራሾች አንዱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 7ኛው አያ ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ንብረት፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። 11ኛውና 12ኛው አያዎች ክፍልፋዩን ዘርዝረዋል። እናስተውል! የሶላት ረከዓ ቁጥር እንኳ በቁርኣን አልተዘረዘረም፤ የሚራስ ግማሽ፣ ሩብና ስምንተኛ ግን ተዘርዝሯል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አያዎች ይህ የአላህ ወሰን መሆኑን ተናግረው ወሰኑን የሚያልፈውን በእሳት ያስጠነቅቃሉ።

የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕን (ረ.ዐ) ቤተሰብ እናስታውስ። ሰዕድ በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ፤ ወንድሙ ንብረቱን ጠቅልሎ ያዘ። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደች። የሚራስ አያ ሲወርድ ነቢዩ አጎትየውን አስጠርተው ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው ስምንተኛውን እንዲሰጥና የተረፈው የእሱ እንዲሆን አዘዙት። የዚያ አጎት ታሪክ ዛሬ በእኛ ቤት አልተደገመም ወይ?

ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ከሲሶ የማያልፍና ለወራሽ የማይሆን ኑዛዜ፣ በመጨረሻ ክፍፍል። ሟች ሚስት፣ 2 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ቢተው ንብረቱ 8 እጅ ይሆናል፦ ለእናት 1፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 1፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 2። የእናት የራሷ ንብረት ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይወጣል፤ ባሏ ስለሞተ የእሷ ሀብት ውርስ አይሆንም። ይህን ለማስላት የሚያስቸግር ነገር የለም። የሚያስቸግረው መስጠቱ ነው።

«እሷ አግብታለች፣ መሬቱ ለባዳ ይሄዳል» ይባላል። አላህ ሴት ልጅ እንደምታገባ አያውቅም ነበርን? አስተግፊሩላህ! ወንድሜ፣ ያንተ ድርሻ እጥፍ የሆነው የቤተሰብ ቀለብ ያንተ ግዴታ ስለሆነ ነው። እጥፉን ወስደህ የእሷንም ከጨመርክበት ይህ ዙልም ነው።

«አባታችን በሕይወቱ ለእኛ ሰጥቶናል» የሚሉም አሉ። የኑዕማን ኢብኑ በሺር አባት ለእሱ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን ምስክር ሊያደርግ ሲሄድ፣ ለሌሎቹ ልጆቹም እንዲሁ ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። አልሰጠሁም ሲል በግፍ ላይ አልመሰክርም አሉት።

«ራሷ ትታልናለች» የሚለውስ? ድርሻዋን አውቃ፣ በእጇ ገብቶ፣ ማንም ሳያሳፍራት ብትሰጥ ሐላል ነው። «ወንድሞቿን ከሰሰች» እንዳይባል ፈርታ ዝም ያለች እህት ግን አልተወችም፤ ተነጥቃለች።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ይህ ነው። እህት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የተሰጣትን እኩል የውርስ መብት ስትጠይቅ «እኛ ሙስሊሞች ነን፣ በሸሪዓ ነው» እንላታለን። «እሺ፣ በሸሪዓ ስጡኝ» ስትል «የአካባቢያችን ባህል ነው» እንላለን። በመጨረሻ አንዱንም አንሰጣትም። ሸሪዓን እህትን ዝም ለማሰኘት ብቻ የሚጠራ ሰው በዲን እየቀለደ ነው።

የፎገራ መሬት ድሮ ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ብዙ የማይፈለግ ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ያው ረግረግ ወርቅ ሆነ፤ በበጋም ሽንኩርትና ቲማቲም ያወጣል። መሬቱ ዋጋ ባወጣ ቁጥር የወንድሞች እጅ ጠበቀ። እኛ የከተማ ልጆችም «ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው» አንበል። የተማርንበት ገንዘብ፣ የከፈትነው ሱቅ፣ የተከልነው የሩዝ መፈልፈያ ከዚያ ማሳ የመጣ ከሆነ የእህታችን ሐቅ በውስጡ አለ። ስለ ሌላው ዓለም ግፍ በየቀኑ እንጽፋለን፤ የገዛ እናታችን ልጅ ላይ የሠራነውን ግን አናነሳም።

ስለዚህ ዛሬ እንጀምር። አባታቸው የሞተባቸው ወንድሞች ፈራኢድ የሚያውቅ ዓሊም ዘንድ ከእህቶቻቸው ጋር ይቀመጡ። ካልተስማሙ፣ ሁሉም ፈቅደው የሚዳኙበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። እስካሁን ከእህት ድርሻ የበላነውን ምርትም እንተሳሰብ። ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን ይህን በኹጥባ ያንሱት። አባቶቻችን በሕይወት ካሉ ዕዳቸውንና ንብረታቸውን በምስክር ፊት እንዲያስጽፉ እንለምናቸው።

የአባታችን እውነተኛ ተተኪ መሆን ከፈለግን፣ እሱ ያልጨረሰውን አደራ ለባለቤቶቹ እናድርስ። አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመሞት ይጠብቀን። አሚን!