አዲሱ አብሾ

በቀድሞ ዘመን ከደብር ወደ ደብር እየዞሩ ይማሩ በነበሩ የቆሎ ተማሮች ዘንድ አብሾ የሚሉት መድኃኒት እንደ ነበረ ይነገራል። አእምሮን ይስላል፥ የተማሩትን ከመርሳት ያድናል ተብሎ የሚጠጣ ነው። ጠጥቶ የቀለም ቀንድ የሆነ አለ ይባላል፤ ጠጥቶ ልቡናው ተሰውሮ በየመንገዱ የቀረም አለ ይባላል። ዛሬም ጥቂት ቀምሶ የሚያብደውን ሰው የከተማ ሰው «አብሾ አለበት» ይለዋል። ከዚህ ወሬ ምን ያህሉ እውነት፥ ምን ያህሉ ተረት እንደ ሆነ መመርመር ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ነገር ግን ያንን መድኃኒት ተማሪው ተደብቆ ይጠጣው ነበር እንጂ አባት በገዛ እጁ ቀድቶ ለልጁ አጠጣ ሲባል አልተሰማም። አባት ቀጂ የሆነው በአሁኑ ዘመን ነው፤ ጽዋውም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ከትምህርት ቤት የተመለሰውን ልጅ ምን እንደ ተማረ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው ስንተኛ እንደ ወጣ ነው። አንደኛ የወጣ እንደ ሆነ እንግዳ በመጣ ቍጥር ከጓዳ እየተጠራ ይቆማል፤ እንግሊዝኛውን ያነበንባል፥ ሒሳቡን በቃሉ ይሠራል፥ እንግዳውም «ያሳድግልህ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለተኛ የወጣ እንደ ሆነ ግን «የበለጠህ ልጅ ሁለት ራስ አለውን?» ይባላል። ሃምሳና ስልሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ሁለተኛ መውጣት እንደ ነውር ተቈጥሮ፥ ልጁ እራቱን ከእንባው ጋር ይበላል።

በዚህ ጥያቄ የሚጎዳው ሰነፉ ልጅ አይደለም። ሰነፉ ዘለፋውን ለምዶታል፤ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈስሰዋል። የሚጎዳው ብልሁ ነው። ብልህ ልጅ ከመጽሐፉ ይልቅ የአባቱን ፊት ፈጥኖ ያነባል፤ ያ ፊት የሚበራው በካርዱ ላይ የአንድ ቍጥር በተጻፈ ጊዜ ብቻ መሆኑን ገና በሰባት ዓመቱ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚያጠናው ለማወቅ ሳይሆን እንዳይጠላ ነው። እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት፥ ስምንት ዓመት ይጓዛል፤ ከዚያም ይደክማል። ድካሙም እንደ ገበሬ ድካም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚወጣ አይደለም። በፈተና ጧት ሆዱን ይቈርጠዋል፥ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዋል፥ ይወደው የነበረው መጽሐፍ ይሰለቸዋል፤ እንዳይሳሳት ፈርቶ ሥራውን ከመጀመር ያፈገፍጋል፥ የተሳሳተበትንም ወረቀት ይደብቃል። ይህን ጊዜ አባት «ሰነፈ» ይላል፤ እናት «ጠገበ» ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ «የሰው ዐይን በላው» ይላል። ከሦስቱ ወደ እውነቱ የቀረበው ጎረቤቱ ነው። በእርግጥ ዐይን በልቶታል፤ ይኸውም ካርዱን እንጂ ልጁን ማየት የተወው የአባቱ ዐይን ነው።

ይህ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፥ አዲስም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጄምስ ሚል የሚባል ዐዋቂ ነበረ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1806 የተወለደውን የበኵር ልጁን ጆን ስቱዋርትን ትምህርት ቤት ሳይልክ ራሱ አስተማረው። ልጁ በሦስት ዓመቱ የጽርእ ቋንቋ፥ በስምንት ዓመቱ ላቲን ጀመረ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ሎጂክ ይማር ነበር። አባቱ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲውል አልፈቀደለትም፤ ይልቁንም የተማረውን መልሶ ታናናሾቹን እንዲያስተምር አደረገው። በእግር ሲንሸራሸሩ እንኳ ትናንት ያነበበውን ለአባቱ ይተርክለት ነበር። ጄምስ ሚል ክፉ ሰው አልነበረም። የህንድን አገር ታሪክ በሚጽፍበት በዚያው ጠረጴዛ ልጁን አስቀምጦ፥ ልጁ ያላወቀውን ቃል በጠየቀው ቍጥር ብዕሩን አቁሞ ይመልስለት ነበርና፥ ትዕግሥቱ የሚደነቅ ነው። ፍሬውም ታየ፤ ልጁ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከዘመኑ ሊቃውንት ጋር የሚከራከር ጸሐፊ ሆነ።

በሃያ ዓመቱም፥ በ1826 በመከር ወራት፥ ነፍሱ ደረቀች። የደከመበትና የተመኘው ሁሉ ዛሬውኑ ቢፈጸምለት ደስ ይለው እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀ፤ ልቡም ደስ እንደማይለው መለሰለት። ከዚያ በኋላ ለወራት ሥራውን በልማድ ብቻ እንደ መኪና ሠራ። ጭንቀቱን ሊነግረው የሚገባው ሰው አባቱ ነበረ፤ ነገር ግን ለአባቱ መንገር ከንቱ መስሎ ታየው፤ አባቱ እንዲህ ያለውን ደዌ የሚያውቅ ሰው አይደለምና። ጽርኡንና ላቲኑን፥ ሒሳቡንና ሎጂኩን ሁሉ የሰጠው አባት፥ ልጁ በጨነቀው ቀን የማይጠራ ሰው ሆነ። ዛሬ በልጃቸው ካርድ የሚመኩ አባቶች ከዚህ ታሪክ ይህችን አንዲት ነገር ቆም ብለው ያስቧት። ከዚያ ጭንቀት ያወጣውም ተጨማሪ ትምህርት አልነበረም። አንድ ፈረንሳዊ ጸሐፊ የአባቱን ሞት የተረከበትን ሲያነብ እንባው መጣ፤ ማልቀስ መቻሉን ባወቀ ጊዜ ሸክሙ ቀለለው። ኋላም ዎርድስዎርዝ የሚባለው ባለቅኔ ስለ ተራራና ስለ ሜዳ የገጠማቸው ግጥሞች ልቡን ጠገኑት። ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎታል፤ መጽሐፉም በሞተበት ዓመት በ1873 ታትሟል።

በአሜሪካም ኖርበርት ዊነር በዐሥራ አንድ ዓመቱ ኮሌጅ ገብቶ፥ በ1913 በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። አባቱ የልጁ ብልሃት ከተፈጥሮው ሳይሆን ከአስተዳደጉ ዘዴ የመጣ መሆኑን በአደባባይ ይናገር ነበር። ልጁ አድጎ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ከሆነ በኋላ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ነገር እንዴት እንዳቈሰለው ገለጠ፤ መልካም ሲሠራ ምስጋናው ለአባቱ፥ ሲወድቅ ነቀፋው ለራሱ ሆኖ ነበርና። በዚያው ዘመን በዚያው ሃርቫርድ በ1909 በዐሥራ አንድ ዓመቱ የገባው ዊልያም ሳይዲስም ነበረ፤ በማግሥቱ ዓመት በሒሳብ ሊቃውንት ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ፥ ጋዜጣ ሁሉ ስሙን አወራ። ካደገ በኋላ ግን ከሰው ዐይን ሸሽቶ፥ የሒሳብ መኪና የሚያንቀሳቅስ ተራ ጸሐፊ ሆኖ፥ የከተማ ባቡር ቲኬት እየሰበሰበ ኖረ። በ1937 አንድ መጽሔት ተከታትሎ አፌዘበት፤ ቢከስስም በ1940 በይግባኝ ተረታ፤ በ1944 በ46 ዓመቱ ሞተ። ጋዜጦች የወደቀ ሰው አሉት። በቲኬቶቹ መካከል ምናልባት ከሃርቫርድ ይልቅ ደስ ብሎት ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ቅምጥልነት ነው፤ እዚህ በሩ ጠባብ ነው፥ ያልተገፋ አያልፍም» የሚል አይጠፋም። በሩስ በእውነት ጠባብ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው በተፈተኑ ጊዜ፥ ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉት መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ይህ ቍጥር የሚመሰክረው በተከራካሪዎቹ ላይ ነው። ከመቶ 97 የሚጠጋው ሲወድቅ ጥፋቱን በልጆቹ ትከሻ ላይ የሚጭን ሰው፥ ስለ መጽሐፉ፥ ስለ መምህሩና ስለ ትምህርት ቤቱ ከመጠየቅ ሊያመልጥ የፈለገ ነው። ከገጠር መንደር የወጣው ብልህ ልጅ ደግሞ የእናቱን ጎጆ፥ የታናናሾቹን ልብስና የመንደሩን ሁሉ ስም ተሸክሞ ወደዚያ ጠባብ በር ይሄዳል። እንደዚህ የተጫነውን ልጅ ከኋላው መግፋት በበሩ አያሳልፈውም፤ ከመድረኩ ላይ ይጥለዋል እንጂ።

ብልህ ልጅ ይቀመጥ፥ አይሥራ ማለትም አይደለም። ሥራ ሁሉ የቀለለለት ልጅ ላብ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ያድግና የመጀመሪያው ከባድ ነገር ሲገጥመው «ለካ ብልህ አልነበርሁም» ብሎ ይሰበራል። የሚያስፈልገው ከባድ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቢሳሳት የማያፍርበት ከባድ ሥራ። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፥ በዋዜማ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ከጥሻው ገብቶ ለብቻው ቅኔውን ይቈጥራል፥ ተመልሶም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያፈርስበታል፥ ያቀናለታል። በነጋው ሌላ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። በዚያ ጉባኤ መሳሳት የዕለት እንጀራ ነው፤ አንዱ በሁለት ዓመት፥ ሌላው በአምስት ዓመት ቢያደርሰው ስንተኛ ወጣ ብሎ የሚጽፍበት የለም። ይህ ሲባል ረኃቡና አለንጋው፥ የውሻውም ንክሻ ይመለስ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ቤት የሚችለው ነገር ብዙ ነው። ልጁ እስኪጠግብ ይተኛ። ከእኩዮቹ ጋር ይሩጥ፤ ጨዋታውም የአንደኝነት ዋጋ ሆኖ የሚሰጥና የሚነፈግ አይሁን። «ደብል መታ» ለመባል ብቻ ከክፍል ክፍል አይዝለል፤ ትምህርቱ ቢደርስበትም ከታላላቆቹ መካከል ብቻውን የሚቀመጥ ትንሽ ልጅ ይሆናልና። ክራር መምታት ቢሆን፥ አትክልት መኰትኰት ቢሆን፥ ማዕርግ የሌለበት አንድ ሥራ ይኑረው። ከደከመም በተግሣጽ ላይ ተግሣጽ ሳይሆን ሸክሙን ማቅለል ይገባል፤ መብልና እንቅልፍ እንቢ ካለው ወደ ሐኪም ይወሰድ። በጉባኤ ፊት የልጆችን ደረጃ እየጠሩ የሚያስጨበጭቡ ትምህርት ቤቶችም ለማን ደስታ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ይጠይቁ።

ሰኔ 30 ቀን ካርድ ይሰጣል። በዚያ ቀን ልጁ ከደጅ ሲገባ አባት የሚጠይቀው ነገር አያጣም፤ ምሳ በልተሃል? ዘንድሮ ከተማርኸው የወደድኸው የቱ ነው? ያልገባህስ? ካርዱ እስከ ማታ በቦርሳ ቢቆይ አይሻግትም።