ክላሽና ጆንያ

ወሎ፣ ጃማ ወረዳ ውስጥ ደጎሎ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ክላሽ ያነገተ ገበሬ ጤፉን የተጨባበጡ እጆች በታተሙበት አሮጌ የዕርዳታ ጆንያ አስሮ ይመጣል። የጠመንጃው ዘር ከሞስኮ፣ ጆንያው ከዋሽንግተን ነው። የኃያላኑ ፉክክር ከቤተ መንግሥት ወርዶ እስከ ጃማ ገበሬ ጓዳ መዝለቁን እንዲህ አጉልቶ የሚያሳይ ሰነድ አላውቅም። ደርግ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አስመራ ላይ የነበረውን የአሜሪካኖቹን የቃኘው ጣቢያ ዘጋ፤ ኅዳር 1970 ላይ ደግሞ የሶቪየት አውሮፕላኖች ለኦጋዴን ጦርነት መሣሪያ ያራግፉ ነበር። ከጎራ ወደ ጎራ ለመሻገር ወራት በቁ። ወሎ በ1977 ሲራብ ግን እህሉ እንዲያ አልበረረም። ምዕራቡ የሞስኮን ወዳጅ መርዳት ሲያቅማማ፣ ደርግም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያደምቅ፣ ሰው ኮረም ላይ አለቀ። ኋላ ላይ የአሜሪካ እህል በብዛት ገባ፤ የሶቪየት አንቶኖቮች ደግሞ የወሎን ሰው እየጫኑ ወደ ሰፈራ ወሰዱት፤ ያገሩን አፈር ዳግም ያላየው ስንቱ ነው! እኔ ባዕዳኑን ብቻ አልወቅስም። ጥይትን ከእህል ያስቀደመው የራሳችን መንግሥት ነው፤ ወዳጁን የመረጠው ሥልጣኑን እንጂ የገበሬውን ጎተራ አይቶ አልነበረም። ዛሬም ቤጂንግ ይሻላል ዋሽንግተን ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ሲመከር፣ ማዳበሪያው ከክረምቱ በፊት ጃማ ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲነሣ እፈልጋለሁ።