ከኮች ምን እንጠብቅ? ስለ ጥያቄ፣ ስለ ምስጢርና ስለ ውል

«ኮች» ለሚለው ቃል አማርኛ እስካሁን የጸና አቻ አላገኘለትም። «አሠልጣኝ» ስንለው የእግር ኳስ ሜዳ ይታየናል፤ «አማካሪ» ስንለው ከእኛ የበለጠ የሚያውቅና መንገዱን የሚያመላክት ሰው እንጠብቃለን። ጉዳዩ የትርጉም ብቻ ቢመስልም መዘዙ ተግባራዊ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኮች የመደበለት ወይም ከኪሱ ከፍሎ የቀጠረ ባለሙያ የማያገኘውን ምክር ሊጠብቅ፣ በሌለ የሕግ ከለላም ሊተማመን ይችላል። ኮቺንግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ምን እንዳልሆነ አስቀድሞ ለተረዳና ስምምነቱን በጽሑፍ ላሰፈረ ሰው ነው።

የሙያው ጠባይ ከታሪኩ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው ቲሞቲ ጋልዌይ ስለ ቴኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተጫዋቹ ዋነኛ ተጋጣሚ ከመረቡ ማዶ የቆመው ሳይሆን በገዛ አእምሮው ውስጥ ያለው ነው ሲል ተከራከረ። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ይህንኑ አስተሳሰብ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ሥራው ዓለም አሻገረው። በዚያ መጽሐፍ የታወቀውና ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ቅደም ተከተል በአራት ጥያቄዎች ይጠቃለላል፦ ግብህ ምንድን ነው? አሁን ያለህበት ሁኔታ ምን ይመስላል? ምን አማራጮች አሉህ? ምን ለማድረግስ ቆርጠሃል?

እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች እንጂ ምክሮች አይደሉም። ያደግንበት የምክር ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ችግር የገጠመው ሰው ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ነፍስ አባት ወይም ወደ ታላቅ ወንድም ይሄዳል፤ መካሪውም ቤተሰቡን ያውቃል፣ ይገሥጻል፣ ይፈርዳል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ብሂል እውቀቱን በመካሪው፣ የመታዘዝን ግዴታ በተመካሪው ላይ ያኖራል። ኮች ይህን ይገለብጠዋል። የደረጃ እድገት ሁለት ጊዜ ያለፈው ባለሙያ ቢመጣ፣ ጥሩ ኮች «አለቃህን እንዲህ በለው» አይለውም፤ አለቃው የሚመዝነው ምን እንደሆነ፣ ያንንስ ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ለእኛ ባዶ ሊመስሉን የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው የሚሠራው ግን በሁለት ስብሰባዎች መካከል ባለው ጊዜ ነው፤ የሚሠራውም ራሱ ደንበኛው ነው።

እንግዲህ የሕግ ጥያቄ ያለው ሰው ጠበቃ፣ የሙያውን ጎዳና የሚያሳየው የፈለገ ሰው በዚያው ሙያ የቆየ ሰው፣ እንቅልፍ ያሳጣው ጭንቀት ያለበት ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል። ወሰኑ ግን በተግባር ቀጭን ነው። ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው በ2009 ባወጣው የ140 ኮቾች መጠይቅ፣ በግል ጉዳይ ለመርዳት እንደሚቀጠሩ የገለጹት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ደንበኞቻቸውን በግል ጉዳይ መርዳታቸውን የተናገሩት 76 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ከኮች ልንጠብቀው ከሚገባን ነገር አንዱ «ይህ ከእኔ ሙያ ውጪ ነው» የማለት ድፍረት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ኮች ሊባል ይችላል የሚለው ነው። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ኮች ለመባል ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አይጠየቅም። በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የሚሰጠው ማረጋገጫ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ለመነሻው ደረጃ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የተግባር ልምድ፣ ለከፍተኛው ደግሞ 200 ሰዓት ሥልጠናና 2,500 ሰዓት ልምድ ይጠይቃል። ማረጋገጫው ፍጹም ዋስትና ባይሆንም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ለሚል ሰው መነሻ ይሆነዋል። በ2018 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኢንተርኔት የንግድ ኮቺንግ ስም ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስበዋል ያላቸውን ድርጅቶች ፍርድ ቤት ማቅረቡ ሌላ ትምህርት ይሰጣል፦ የተወሰነ ገቢ እንደምናገኝ ቃል የሚገባልንን መሸሽ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የምስጢር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በጃፊ እና ሬድመንድ ክርክር፣ ታካሚ ለሥነ ልቦና ሐኪሙ የሚነግረው ነገር በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዳይገለጥ ከለላ ሰጥቷል። ለኮች የሚነገር ቃል እንዲህ ያለ ከለላ የለውም፤ የሚጠብቀው የኮቹ የሥነ ምግባር ግዴታና የተፈረመው ውል ነው። ከፋዩ አሠሪው ሲሆን ደግሞ ግንኙነቱ የሦስት ወገን ይሆናል። በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ሥራውን ቢያጣ ሌላ መፍትሔ እንዲፈልግ የሚፈቀድለት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ሥራ ለመልቀቅ እያሰብኩ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለቦታው ከደረሰ የመኖሪያ መብቱን ሊያናጋ ይችላል።

በራሳችን ቋንቋ የሚሠራ ኮች መምረጥም የራሱ ሚዛን አለው። ያልተነገረውን ይረዳል፣ ይሉኝታችንን ያውቃል፤ ግን በጠባብ ማኅበረሰብ ውስጥ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ መልሶ ያገኘናል። ይህ ላለመቅጠር ምክንያት አይሆንም፤ ድንበሩን አስቀድሞ ለመነጋገር ግን በቂ ምክንያት ነው።

መንግሥታት ለኮቾች የፈቃድ ሥርዓት ያብጁ የሚል ክርክር ይነሣል። ጥያቄ ለመጠየቅ ፈቃድ ማስወጣት ከባድና ምናልባትም አላስፈላጊ ይመስለኛል። የሚሻለው መግለጥን ማስገደድ ነው፦ እያንዳንዱ ኮች ሥልጠናውን፣ የምስጢር ወሰኑን፣ ለከፋዩ የሚያቀርበውን ሪፖርት ይዘትና ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በጽሑፍ ይስጥ። ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ይህንን ደንበኛው ራሱ መጠየቅ ይችላል። በየከተማው ያሉ የሙያ ማኅበሮቻችንም አንድ የውል ናሙና በአማርኛ ቢያዘጋጁ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ሰፊ ነው። መልሱን በጽሑፍ ለመስጠት የሚያመነታ ኮች ቢያጋጥመን፣ ማመንታቱን ራሱን እንደ መልስ እንቁጠረው።