የሕመም ቋንቋ

ተማሪዎች ሆይ! «ራሴን አመመኝ» ስትሉ የግሱን አሠራር ልብ በሉ፤ ታማሚው የግሱ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው። ሕመሙ ያደርጋል፤ ሰው ይቀበላል። ሐዘንንም አማርኛ በሆድና በአንጀት ያኖረዋል፤ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ አረረ» እንላለን። ሌላው ቋንቋ ግን ሌላ ማደሪያ ሊሰጠው ይችላል።

እንግዲህ በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ፣ በኽምጣኛ አፋቸውን የፈቱ አያት የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ ቢተርኩላችሁና በአማርኛ ብትጽፉት፣ «በጣም አዘኑ» ብላችሁ አትለፉ፤ ይህ የማንም ሰው ሐዘን ነው። ሐዘናቸውን በምን ቃል እንደሚጠሩት፣ ከአካላቸው በየትኛው እንደተሰማቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቃሉን እንዳለ አስፍራችሁ በአማርኛ አብራሩት። ቃላቸው ከቀረ ምስክርነታቸውም አብሮ ይቀራልና።