ርዕሰ አንቀጽ፦ የደጃችን ቁንዶ በርበሬ

በኢምፔሪያል ሠፈራችን በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፉን ቁልቁል የለቀቀ፣ ቀያይ ፍሬ የሚያንዠረግግ ዛፍ አለ። ቁንዶ በርበሬ እንለዋለን። ጥላው መልካም ነው፤ ድርቅም ይችላል። ዝንብ ሲበዛ እናቶቻችን ቅርንጫፉን ቆርጠው በር ላይ ይሰቅላሉ። ጥርሱን ያመመውን ቅጠሉን ያስነክሱታል፤ ቶንሲል የያዘውን ያስኝኩታል፤ ቁስልንም በፍሉ የሚያጥቡ አሉ። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። የዛፉ ትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ የፔሩ ሰዎችም ለጥርስ ሕመምና ለቁስል ሲገለገሉበት ኖረዋል።

የአባቶችንና የእናቶችን ዕውቀት መናቅ አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩ ኖሮ፣ እንዶድ ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚረዳ ማን ያስብ ነበር? ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርመራ አስፈልጓል። ኮሶስ ቢሆን? የኮሶ ትልን ያወጣል፤ ልኩ ሲያልፍ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። መድኃኒትነት ያለው ነገር ሁሉ ልክ አለው።

የዛሬው ሥጋታችን ከስሙ ይጀምራል። የደጃችን ዛፍና ከገበያ የምንገዛው ቅመም ስማቸው አንድ ቢሆንም ዘራቸው ለየቅል ነው። ቅመሙ መነሻው ሕንድ የሆነ ሐረግ ሲሆን፣ በአገራችንም በቴፒ አካባቢ ይለማል። የእኛው ዛፍ ደግሞ የማንጎ ዘመድ ነው፤ ፈረንሣዮች እንዲያውም «ሐሰተኛው ቁንዶ በርበሬ» ይሉታል። ልጆቻችን ግን ስሙን ሰምተው፣ ቀለሙም አምሯቸው፣ ፍሬውን እየለቀሙ «ዕቃ ዕቃ» ይጫወቱበታል፤ ይቀምሱታልም። ፍሬው ሕፃናትን እንደሚያስመልስና እንደሚያስቀምጥ የታወቀ ነው። የዛፉ ሙጫም የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል።

ስለዚህ የሠፈራችን ነዋሪዎች የሚከተለውን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ቅርንጫፉን ለዝንብ መስቀሉ ይቀጥል፤ ማንንም አይጎዳም። ፍሬውን ግን ለወጥ ማጣፈጫ ማድረግ፣ ቅጠሉንም አፍልቶ ለሕፃን ወይም ለነፍሰ ጡር ማጠጣት ይቅር።

ሁለተኛ፣ ፍሬውን በልቶ የታመመ ልጅ ካለ በግድ ለማስመለስ ጣት አንክተትበት። ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ይዘን በቶሎ ጤና ጣቢያ እናድርሰው፤ ሐኪሙ ምን እንደበላ በዓይኑ ይይ። የጥርስ ሕመምም ቢሆን ቅጠል ለአንድ ሌሊት ቢያስታግሰው እንኳ የተቦረቦረውን ጥርስ አይጠግነውምና፣ ሲነጋ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ለመድኃኒት እያሉ ግንዱን የሚልጡ አሉ። እንዴ! ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እኮ ቆሞ ይደርቃል። ቅጠል የፈለገ ቅጠል ይቁረጥ፤ ግንዱን ግን ይተወው።

የዛፉን ጥቅም የሚያውቁ አረጋውያን በየዕድሩና በየቡናው ላይ ጉዳቱንም አብረው ለልጆች ቢነግሩልን፣ ማኅበራችን ከልብ ያመሰግናል።