ክሮሙን ስናላቅቅ የጎረቤትን ሐቅ አንርሳ



ሰሞኑን ከዙህር ሰላት በፊት ሁለት እጁን በፋሻ የጠቀለለ ወጣት መጣና «ኡስታዝ፣ ውዱእ ሳደርግ ፋሻው ላይ ባብስ ይበቃኛል?» ብሎ ጠየቀን። ውሃ ቁስሉን የሚጎዳው ከሆነ ይበቃሃል አልነው። እጁ ምን እንደነካው ስንጠይቀው ግን ሌላ ጉዳይ ወጣ። የአሮጌ ቮልስ ፓራውልት ጥቁር ሊቀባ አስቦ፣ ክሮሙን ግቢው ውስጥ በአሲድ ሲያላቅቅ ነው የተቃጠለው። የተረፈውን አሲድ የት ደፋኸው? «ቦዩ ውስጥ።»

ሀና ማርያም ውስጥ ቀን ጋራዥ ውለው ማታ ቤታቸው ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩ ወንድሞች አሉን። ልፋታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ሐላል ሪዝቅ የሚባለው ገንዘቡ ከየት መጣ በሚለው ብቻ አያበቃም። ስናገኘው ማንን ጎዳን የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

ነገሩን እንየው። የሚያብረቀርቀው ክሮም ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ኒኬል አለ። አሲዱ ክሮሙን ቢበላውም ኒኬሉ ይቀራል። ጭሱ ሳንባን ያቃጥላል፤ በረኪና ከነካው ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በኮስቲክ ሶዳና በባትሪ ቻርጀር የሚሞክሩም አሉ። ያኔ ውሃው ቢጫ የሚሆነው ክሮሙ ካንሰር አምጪ ወደሆነው ክሮሚየም 6 ስለሚቀየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሶዳ ጨምረን አሲዱን ብናበርደው እንኳ የሟሟው ብረት አይጠፋም።

ቦዩ ውስጥ የተደፋው የት ይሄዳል? ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል። በዚያ ወንዝ ዳር ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ተመልሶ የሚመጣው ወደ እናቶቻችን ማዕድ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ውሃ በሚቀዳበት፣ በሚተላለፍበትና በሚጠለልበት ቦታ መጸዳዳትን ከልክለዋል። ዝናብ የሚያጥበው የሰውነት ቆሻሻ እንዲህ ከተከለከለ፣ ዝናብ የማያጠፋው መርዝስ? ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ነው ብለን እያስተማርን፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቦይ አሲድ ልንደፋ አይገባም።

«ባለሙያ ጋ ብወስደው ትርፌን ይበላዋል» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል። ግን ለቀለም ተብሎ ክሮም ሁሉ መላቀቅ የለበትም። ካልተላጠ፣ በውሃ እያራሱ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከርና ብረት ላይ የሚይዝ ፕራይመር መቀባት ይበቃል። ደረቁን በግራይንደር መፋቅ ግን አቧራውን መተንፈስ ነው። ተልጦ የተነሳውን፣ ፍሳሹን በአግባቡ የሚይዝ ወርክሾፕ ይሥራው፤ ዋጋውንም ከደንበኛው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሲድ ቤት ውስጥ ካለ በሃይላንድ አታስቀምጡት፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሰውነት ከነካ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም ሳትቀቡ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡና ወደ ሐኪም ሩጡ።

ያ ወንድማችን ቁስሉ ኢንሻአላህ ይድናል። የደፋው ግን አይመለስም። ጋራዥ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ይህን አድርሱለት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንንም ለጎረቤት ሰላም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።